«አንድም?» እያልሽ ጠይቂው

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው አዘዞ ነው። አራዳ ላይ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዜግነቱን ወስዶ አየር ኃይል ገባ። አሁን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ኤምኪው 9 በሚባል ሰው አልባ አውሮፕላን ላይ ሴንሰር ኦፕሬተር ለመሆን ይማራል። ካሜራውን የሚይዘው ሰው ማለት ነው ብሎኛል። የአውሮፕላኑን ሲስተም የሚጠይቅ የብቃት ፈተና አለ። ማለፊያው 85 ነው አለኝ። አንዴ ተፈትኖ ወደቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደግማል። ሁልጊዜ የሚደውለው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። እዚያ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል። ደውሎ ቁጥር ይዘረዝርልኛል። ‹ቁጥሩን ሁሉ አውቀው ነበር፤ እነሱ ግን ይህ ቢጠፋ ምን ይከተላል እያሉ ጠየቁኝ› ይላል። እኔ አውሮፕላን የማውቀው ከጣራችን በላይ ሲያልፍ ነው። ምን ልርዳው? ሌላም አለ። እናታችን ድሮን የሚለውን ቃል መስማት አትወድም። እኔም እፈራለሁ። ብረዳው ሕሊናዬ፣ ባልረዳው ወንድሜ። ግራ ገባኝ። እህት፣ ከአዘዞ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ፈተናው እንነጋገር። የሕሊናውን ጥያቄ አልዘለውም፣ እመለስበታለሁ። ሁለቱ ተያያዥ ናቸው።

ወንድምሽ ለምን እንደወደቀ ራሱ ነግሮሻል። እሱ ያጠናው ቁጥር ነው። የጠየቁት ግን «ይህ ቢጠፋ ምን ይከተላል» ብለው ነው። ሰንፎ አይደለም። ቁጥር ለጥናት ይመቻል። ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ይገለበጣል፣ መልሱ ሲገጥም ልብ ይሞላል። ሲስተም ግን እንደዚያ አይጠናም። ሲስተም ማለት አንዱ በሌላው ላይ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ነገር ነው። አንዱን ስትነኪ የትኛው እንደሚነቃነቅ ካላወቅሽ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

ይህ በእኔም ደርሷል። ወጣት የአውሮፕላን ጥገና ተማሪ ሳለሁ የሃይድሮሊክ ፈተና ነበረብኝ። የግፊቱን መጠን፣ የዘይቱን ዓይነት፣ የፓምፑን ፍጥነት እንደ ውዳሴ ማርያም እወጣው ነበር። ፈታኙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ፓምፑ ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አብራሪው እጁ ላይ ምን ይሰማዋል?» አለኝ። መልሱ በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ሳይቀር ትዝ ይለኝ ነበር። መልሱ ራሱ ግን ከአፌ አልወጣም። ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በጥገና ሠርቼ፣ በኋላም አስተምሬ፣ ብዙ ልጆች እዚያው ቦታ ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ። ስለዚህ ወንድምሽ ብቻውን አይደለም፣ ይህንን ንገሪው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። «አውሮፕላን አላውቅም» ብለሻል። ጥሩ። የሚረዳውም ይኸው አለማወቅሽ ነው። የክፍል ጓደኛው ቢሆን ኖሮ ግማሹን በምህጻረ ቃል፣ ግማሹን በ«ገብቶሃል አይደል» ያልፉት ነበር። አንቺን ግን እንደዚያ ብሎ አያልፍሽም። አንድ ነገር ጨምሪበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የመጽሐፉን ዐረፍተ ነገር እንዳለ መድገም ይችላል። በአማርኛ ግን የሚደግመው መጽሐፍ የለውም። በአማርኛ ላንቺ ለማስረዳት ነገሩን ራሱን ማየት አለበት። ሞተርን ሞተር፣ ባትሪን ባትሪ ይበል፣ ችግር የለም። «ከዚያ ሲስተሙ ፌል ያደርጋል» ሲልሽ ግን አትቀበዪው። «ፌል ሲያደርግ ምን ይሆናል? ይቆማል? ይቃጠላል? ዝም ይላል?» በይው። እዚያ ላይ ከተንተባተበ ያልገባው ቦታ እሱ ነው። ማስታወሻው ላይ ምልክት ያድርግበት።

ደግሞ አንቺ ሲስተም አታውቂም ያለሽ ማነው? ስፌት ቤትሽን አስቢው። መብራቱ ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩ ቀበቶውን ይስባል፣ ቀበቶው መኪናውን ያዞራል፣ መርፌው ይወጋል። ክር ሲበጠስብሽ ክሩን ብቻ አታዪም። መርፌው ተጣሞ ይሆን? ክሩ ከሮ ይሆን? የታችኛው ክር ተጠምዝዞ ይሆን? ከላይ እስከ ታች ትፈትሺያለሽ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሞተሩን ትተሽ በእግርሽ ትቀጥያለሽ። ካውያውን ግን ትተዪዋለሽ፣ በእግር የሚሠራ ካውያ የለምና። የትኛው ሥራ ይቀጥላል፣ የትኛው ይቆማል የሚለውን ሳትጨነቂ ታውቂዋለሽ። ወንድምሽን የጠየቁት ይህንኑ ነው።

እሱ የሚማርበት አውሮፕላን አንድ ሞተር ብቻ ነው ያለው። ከኋላ ተቀምጦ ወደፊት የሚገፋ ተርቦፕሮፕ ነው፣ ማለትም ተርባይን ፕሮፔለሩን የሚያዞርበት ሞተር። ሃኒዌል የተባለ ኩባንያ የሚሠራው ቲፒኢ 331 የሚባለው ነው። 900 የፈረስ ጉልበት አለው። ተርባይኑ በደቂቃ ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ፕሮፔለር በዚህ ፍጥነት ቢዞር አይተርፍም። ስለዚህ መሃል ላይ ማርሽ ገብቶ ፍጥነቱን ወደ 2 ሺህ ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውንም የሚያዞረው ይኸው ሞተር ነው። እንግዲህ ሞተሩ ቢቆም የሚጠፋው ግፊት ብቻ አይደለም። ጄኔሬተሩም አብሮ ይቆማል። ከዚያ የቀረው ባትሪ ነው። ባትሪ ደግሞ ያልቃል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ራሱ «ይህ ይቆይ፣ ይህ ይጥፋ» እያለ አንዳንዱን ዕቃ ያጠፋል። የአንቺን ካውያ አስታውሺ።

ይህ በወሬ የቀረ ነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ አደጋ ልንገርሽ። ለወንድምሽም ንገሪው። ምናልባት በክፍል ሰምቶት ይሆናል። አንቺ ስትነግሪው ግን ሌላ ነው።

ሚያዝያ 17 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ 2006። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል። የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፕሬዴተር ቢ የተባለ ሰው አልባ አውሮፕላን በአሪዞና ድንበር ላይ ያበር ነበር። የኤምኪው 9 ቤተሰብ ነው። የሚያበሩት ሰዎች መሬት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ወንበር የአብራሪው፣ ሁለተኛው የካሜራው ነው። ሁለቱ ወንበሮች ፊት ያሉት መቆጣጠሪያዎች ተመሳሳይ ናቸው። የሚለያቸው የተመረጠላቸው ሥራ ነው። በካሜራው ወንበር ላይ አንድ ሊቨር የካሜራውን ብርሃን መግቢያ ይቆጣጠራል። ያው ሊቨር በአብራሪነት ሲመረጥ የሞተሩን ነዳጅ ይቆጣጠራል።

የአብራሪው ስክሪን ደርቆ ቀረ። አብራሪው ሥራውን ወደ ካሜራው ወንበር አዛወረ። ቼክሊስቱ እንዲህ ከመደረጉ በፊት የሁለቱ ወንበሮች ሊቨሮች አንድ ቦታ ላይ መሆናቸው ይታይ ይላል። አልታየም። የካሜራው ሊቨር የነበረበት ቦታ በአብራሪነት ሲነበብ «ነዳጅ ዝጋ» ማለት ነበር። ነዳጁ ተዘጋ። ሞተሩ ቆመ።

ቀጥሎ የሆነውን ተከተዪ። ሞተሩ ሲቆም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ ዞረ። አውሮፕላኑ ባትሪ ለመቆጠብ ዕቃዎችን ማጥፋት ጀመረ። ከጠፉት አንዱ ትራንስፖንደር ነበር፣ ማለትም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አውሮፕላኑ የትና በምን ከፍታ ላይ እንዳለ የሚያዩበት መሣሪያ። አብራሪው ከፍታው እየቀነሰ መሆኑን አየ። ምክንያቱን ግን አላየም። ግንኙነት ሲቋረጥ አውሮፕላኑ በራሱ ወደ ላይ ወጥቶ በተሰጠው መንገድ እንዲዞር ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ አብራሪው የመሬቱን ማሰራጫ አጠፋው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን በምን ይውጣ? ሞተር የለም። እየወረደ ሄዶ ኖጋሌስ ከተባለች ከተማ አጠገብ ተከሰከሰ። ሰው አልተጎዳም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መረመረው። ቦርዱ ሰው አልባ አውሮፕላን ሲመረምር የመጀመሪያው ነበር።

ሰውዬው ቁጥር ጠፍቶት አይመስለኝም። ያልያዘው ሰንሰለቱን ነው። ከሊቨር ወደ ነዳጅ፣ ከነዳጅ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ጄኔሬተር፣ ከጄኔሬተር ወደ ትራንስፖንደር። ልብ በይ፣ ያ ሊቨር የነበረው ወንድምሽ ሊቀመጥበት በሚማረው ዓይነት ወንበር ላይ ነው። «እኔ ካሜራ ነው የምይዘው፣ ነዳጁ ምን አገባኝ» እንዳይል።

እንግዲህ በስልክ ምን ትጠይቂዋለሽ? ሁለት ቃል ይበቃሻል። አንዱ «ከዚያስ?» ነው። ሌላውን ከጎንደር ሊቃውንት ተዋሺ።

መጽሐፍ ሲተረጉሙ «አንድም» ይላሉ። አንድ ቃል አንብበው አንድ ፍቺ ሰጥተው አይዘጉም። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ ይዘረዝራሉ። ለአውሮፕላን ብልሽት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። ተማሪ የሚወድቀው አንድ ምክንያት አግኝቶ ሲቆም ነው። የማስጠንቀቂያ መብራት በራ፣ አንድ ምክንያት ትዝ አለው፣ ጨረሰ። ፈተናው ግን ሁለተኛውን ነው የሚፈልገው።

ለምሳሌ «የጄኔሬተር ማስጠንቀቂያ በራ» ይበልሽ። አንቺ «ለምን?» በይው። አንድም ሞተሩ ቆሟል። «አንድም?» በይው። አንድም ሞተሩ ደህና ነው፣ የተበላሸው ጄኔሬተሩ ብቻ ነው። «አንድም?» አሁንም። አንድም ሁለቱም ደህና ናቸው፣ የሚዋሸው መለኪያው ነው። እዚህ ሲደርስ ቁልፉን ጥያቄ አምጪ፦ «ታዲያ በምን ትለያቸዋለህ?» ሞተሩ ቆሞ ከሆነ ፕሮፔለሩ ይዘገያል፣ ከፍታም መያዝ ያቅተዋል። ጄኔሬተሩ ብቻ ከሆነ በረራው እንደነበረ ይቀጥላል፣ የባትሪው ቮልቴጅ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል። መለኪያው ከሆነ ባትሪውም አይወርድም። ይህን በራሱ አፍ ካወጣው የኤሌክትሪኩን ምዕራፍ ግማሽ ጨርሷል።

ወይም የፍጥነት መለኪያው። አውሮፕላን ፍጥነቱን የሚያውቀው ፊት ለፊት በሚገባ አየር ግፊት ነው። አየሩ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ አለ፣ ፒቶ ቱቦ ይባላል። በረዶ ሊደፍነው ስለሚችል ማሞቂያ አለው። ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ነው። አየሽ፣ እዚህም ኤሌክትሪኩ ተመልሶ መጣ። የቱቦው የፊቱም የውሃ ማፍሰሻውም ቀዳዳ ከተደፈነ ደግሞ ጉድ ነው። አውሮፕላኑ ሲወጣ መለኪያው ፍጥነት የጨመረ ያስመስላል። አብራሪው ፍጥነት በዛ ብሎ አፍንጫውን የበለጠ ቀና ያደርጋል። እውነተኛው ፍጥነት ይሞታል። ወንድምሽ በወንበር ላይ ሆኖ ነፋሱን በጆሮው አይሰማም፣ ንዝረቱንም በጀርባው አይሰማም። ያለው መለኪያ ብቻ ነው። ስለዚህ መለኪያ እንዴት እንደሚዋሽ ከማንም በላይ ማወቅ አለበት።

አዘዞ የምትኖሪ ሰው ስለሆንሽ አንድ ጥያቄ ደግሞ አንቺ ታመጪለታለሽ። የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እሱ ያለበት የኒው ሜክሲኮ ማሠልጠኛ ሆሎማን የተባለው የአየር ኃይል ሰፈር ከሆነ ወደ 1,250 ሜትር ነው። በመማሪያ መጽሐፍ መደበኛ አየር ማለት ባሕር ወለል ላይ 15 ዲግሪ፣ ወደ ላይ በየሺህ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ የሚቀንስ ነው። በዚህ ስሌት አዘዞ 2 ዲግሪ መሆን ነበረባት። የመጋቢት ቀትር ግን 26 ዲግሪ ነው እንበል። የ24 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ሲሰላ ያ አየር ከ2,800 ሜትር በላይ ካለው መደበኛ አየር ጋር እኩል የሳሳ ነው። አውሮፕላኑ አዘዞ ቆሞ ደባርቅ ያለ ይመስለዋል። ክንፉ የሚይዘው አየር ያንሰዋል፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሰዋል፣ ለመነሳት ረጅም መንገድ ይፈልጋል። «ያንተ አውሮፕላን በመጋቢት ቀትር ከአዘዞ ሊነሳ ነው። ምን ትቀንስለታለህ?» በይው። ነዳጅ ይቀንሳል ወይስ ጭነት? ነዳጅ ከቀነሰ በአየር ላይ ከሚቆይበት ስንት ሰዓት ይጎድልበታል? የበረሃ ሙቀት እዚያም አለ። ጥያቄውን ከቤቱ ደጃፍ ካየው አይረሳውም።

ስለ ግንኙነቱም ጠይቂው። ይህ የሰው አልባ አውሮፕላን ልዩ ጉዳይ ነው። አውሮፕላኑ ቅርብ ሲሆን መሬት ላይ ካለ አንቴና ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራል። ተራራ ከጋረደው አይሰማም። ሩቅ ሲሆን በሳተላይት ነው። ሳተላይቱ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ብርሃን እንኳ ወደ ላይ ወጥቶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ትእዛዝ ሄዶ ምስል እስኪመለስ፣ መሃል ላይ ያለው የኮምፒውተር ሥራም ተጨምሮ፣ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይሆናል። ማኮብኮቢያ ላይ አንድ ሰከንድ ብዙ ነው። ለዚህ ነው ማንሳቱንና ማሳረፉን ለረጅም ጊዜ ማረፊያው አጠገብ ያለ ሌላ ቡድን ይሠራው የነበረው። «ግንኙነቱ ጠፋ። ለምን?» አንድም አንቴናው ላይ ነው፣ አንድም ተራራ ጋርዶታል፣ አንድም አውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ አጥቷል። ሦስቱ እኩል አይደሉም። በመጀመሪያው ሞተር አለው፣ በራሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሦስተኛው ግን የኖጋሌስን አስታውሺ።

አሁን ወደ ፈራሽው ነገር ልመለስ።

ድሮን የሚለው ቃል በእናንተ ቤት ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። እናትሽን ለምን አትወጂውም ብዬ አልከራከራትም። እናት የምትፈራውን ታውቃለች። አንቺም ሕሊናሽ የጠየቀሽ ጥሩ ሰው ስለሆንሽ ነው። እኔ ብሆን ግን እረዳዋለሁ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

ያ አውሮፕላን የጦር መሣሪያ ይሸከማል። ወንድምሽ የሚይዘው ዐይኑን ነው። ካሜራው ሌሊት የሚያየው ሙቀት ነው። ሙቀት ደግሞ ፊት የለውም። ሰው እንደቆመ ያሳያል፣ የቆመው ለምን እንደሆነ አያሳይም። አካፋና ጠመንጃን ከሩቅ መለየት ከባድ ነው። የሚታየው ምስልም ከአንድ ሰከንድ በላይ የዘገየ ነው። በዚያ መሃል ሰው በር ከፍቶ ሊወጣ ይችላል። መሣሪያውን በደንብ የማያውቅ ሰው ስክሪኑን ያምናል። በደንብ የሚያውቅ ሰው «ይህን አላየሁም፣ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ይቁም» የማለት አቅም አለው። በዚያ ወንበር ላይ ሰው መቀመጡ ካልቀረ፣ የመሣሪያውን ጉድለት አበጥሮ የሚያውቅ ሰው ቢቀመጥ እመርጣለሁ። ያንቺ የጠዋት ጥያቄዎች ወደዚያ የሚወስዱት ናቸው።

ሥራውን መሥራት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ግን የእሱ ነው። አንቺም እናትሽም ልትወስኑለት አትችሉም። ፍርሃትሽን ግን አትደብቂው። አንዴ፣ በግልጽ ንገሪው። «የምረዳህ ስለምወድህ ነው፣ ሥራውን ግን እፈራዋለሁ» በይው። አንዴ ከተናገርሽ በኋላ በየጠዋቱ አታንሺው። የጥናት ስልክ ላይ ክርክር ከገባ ጥናቱም ክርክሩም ይበላሻሉ። ከፈተናው በኋላ ረጋ ብላችሁ ተነጋገሩ። ፍርሃትሽ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ደግሞ አልችልም በይው። እዚያ ያለ የክፍል ጓደኛው ይጠይቀው። አይቀየምሽም፣ ቢቀየምም ያልፋል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኔ እስካሁን የነገርኩሽ ሁሉ በይፋ የታተመ ነው። ወንድምሽ የሚያጠናው መጽሐፍ ግን ለአንቺ አልተሰጠም። የገጹን ፎቶ በቴሌግራም እንዳይልክልሽ። ጥሪውን አትቅጂ። የመሣሪያውን ልክና ገደብ የሚናገር ቁጥር አትጠይቂው፣ ሊነግርሽ ከጀመረም አስቁሚው። አንቺ የምትጠይቂው ለምንና እንዴት ነው። አውሮፕላን ሁሉ የሚጋራውን ነገር ማለት ነው። በእሱ ቤት ቦልድፌስ የሚባል ነገር አለ፣ አደጋ ሲመጣ ያለ ምንም ማሰብ በቃል የሚወጣ ትእዛዝ። እሱ ቃል በቃል፣ በቅደም ተከተሉ መጠናት አለበት። «አንድም» እዚያ ላይ አይሠራም። ያንን ከጓደኛው ጋር በአካል ይወጣው፣ በስልክ አይሁን። ብርቱ ነገር ስለሆነ ነው የማጠብቀው። በዚህ ቸል ብሎ ሥራውን እንዳያጣ።

ሰዓቱን ደግሞ አስተካክሉት። እዚያ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው የሚደውልልሽ። ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት ሊተኛ ነው? የተማሩት ነገር የሚረጋው በእንቅልፍ ነው። ሁለት ሰዓት አስቀድሙት። እሱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይደውል፣ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይሆናል። አንቺ መቼም ተነስተሻል። ከሃያ ደቂቃ አይለፍ። በቀን አንድ ሲስተም ብቻ ይዞ ይምጣ። ነዳጅ ከሆነ ነዳጅ፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ ኤሌክትሪክ።

ማስታወሻውን ዘግቶ ነው የሚነግርሽ። ይህ ዋና ነገር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሁለት የጥናት ዘዴዎችን በተማሪዎች ላይ ፈትነዋል። በአንደኛው ተማሪዎቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡ። በሌላው ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ማንበቡ በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግቶ መጻፉ በለጠ። ወንድምሽ ማታ ማታ ካርዱን ሲያገላብጥ ያወቀ የሚመስለው ለዚህ ነው። ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነውና የሳምንቱን ዘዴ ይያዝ። የቆሎ ተማሪዎቻችን ይህን ድሮም ያውቁታል። ቃሉን በመምህሩ ፊት ያልወጣ ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱን ሲስተም ለብቻው ይንገርሽ። ሲያቅተው አትዘኚ፣ የሚያቅተው ጊዜ ነው የሚማረው። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሁለት እያደረግሽ አጋጪበት። «ነዳጁ ሲቀንስ ኤሌክትሪኩ ምን አገባው?» እያልሽ። ያለፈውን ሳምንትም ሳይዘጋጅ ጠይቂው፣ የረሳው ይወጣል። በሦስተኛው ሳምንት እሱ ይተው፣ አንቺ ጀምሪ። «ከፍታው ቀነሰ» በይውና ዝም በይ። ወደ ኋላ ሄዶ ምክንያቱን ይፈልግ። የመጀመሪያውን ሲነግርሽ «አንድም?» በይ። ሦስተኛውን ሲነግርሽ እንኳ አታመስግኚው። «በምን ትለያቸዋለህ?» በይው።

አንዳንድ ቀን ኔትወርክ ይቆረጣል። በመሃል ከተቆረጠ የጀመረውን ሰንሰለት ብቻውን በወረቀት ላይ ይሳለው፣ በነጋታው ከዚያ ይቀጥላል።

አንድ ቀን ደግሞ እናትሽን አስጠጊያት። ስለ ድሮን አትንገሪያት። የባትሪና የጄኔሬተሩ ቀን ይሁን። «መብራት ጠፍቶ ባትሪ ብቻ ቢኖረን ቤት ውስጥ መጀመሪያ ምን እናበራለን?» ብለሽ ጠይቂያትና ለእሱ ታስረዳው። ፍሪጁን ትላለች ወይስ አምፖሉን? ለምን? ልጇ ከሩቅ ሆኖ ምን እንደሚማር በጥቂቱ ይገባታል፣ እሱም ድምፅዋን ይሰማል።

ከፈተናው በፊት ባለው ምሽት ሲደውል ምንም አትጠይቂው። ቅዳሜ ገበያ ምን እንደዋለ፣ ዝናቡ መጣ አልመጣ፣ ጎረቤት ማን ወለደች፣ እሱን አውሪው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሳይሞላ ስልኩን ዝጊበት። ይተኛ።